የአቶ ዱጉማ መሮና የሦስቱ ፑንታዎች ጉዳይ

ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 1989 ዓ.ም.
ቦታ፦ ንፋስ ስልክ፣ የ«ኅብረት ክንድ» እንጨት ሠሪዎች ማኅበር ወርክሾፕ፣ ከመላጊያው ማሽን ጀርባ
ሰዓት፦ በጥሪው 8፡00፤ በእውነቱ 8፡50

የተገኙ፦
1. አቶ ላቀው፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ገብረ መድኅን፣ ንብረት ክፍል፣ የማሽኑ ገዢ
3. አቶ ዲንሳ፣ መጋዝ ክፍል
4. ወ/ሮ ዘነቡ፣ ቫርኒሽ ክፍል
5. ወ/ት ጸሐይወርቅ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ዱጉማ፣ የመሮ ሠራተኛ። ድምፅ ያልተሰጣቸው የስብሰባው ጉዳይ ራሳቸው ስለሆኑ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አራት ሰው ይበቃል። አቶ ዲንሳ ግማሹን ጊዜ በር ላይ ቆመው ስላሳለፉ አራት ተኩል ተብሎ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 1፦ አቶ ዱጉማን ስለማዛወር

ሰብሳቢው አዲሱ የቀዳዳ መቦርቦሪያ ማሽን ስለገባ፣ እንጨት ከእንጨት የሚጋጠምበትን ቀዳዳ ሠላሳ አንድ ዓመት በመሮና በመዶሻ ሲፈለፍሉ የኖሩት አቶ ዱጉማ «እንዲያርፉ» ሐሳብ አቀረቡ። ማረፊያው የት እንደሆነ ሲጠየቁ የግቢው በር ላይ፣ በጥበቃነት መሆኑን አብራሩ። አቶ ገብረ መድኅን የጥበቃ ካፖርት ከወዲሁ ወጪ ማድረጋቸውን ገለጹ። ካፖርቱ ታየ፤ እጅጌው ለአቶ ዱጉማ ይረዝማል። አቶ ዱጉማ አስተያየት አልተጠየቁም፤ መሮአቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዝውውሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እጇን ያላወጣችው ስለምትጽፍ ነው ተብሎ እንዲመዘገብ ታዟል፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

አጀንዳ 2፦ ለማሽኑ ፑንታ ስለመምረጥ

የመርካቶው ነጋዴ ለሙከራ የሰጠን ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 16 ሚሊሜትር ፑንታዎች፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚታሰሩት መቦርቦሪያ ብረቶች፣ ቀረቡ። አንዱ ተመርጦ ሁለቱ ነገ መመለስ አለባቸው።

ወ/ሮ ዘነቡ ጠባብ ቀዳዳ ስቱኮ ስለማይበላ 10 ይሁን አሉ። አቶ ዲንሳ የምንሠራው በር እንጂ የስቴኪኒ ማስቀመጫ አይደለም በማለት 16ን ደገፉ። አቶ ገብረ መድኅን 12 የሐዋርያት ቁጥር መሆኑን አስታወሱ። ወ/ሮ ዘነቡ ሐዋርያት በር ገጥመው አያውቁም ሲሉ፣ አቶ ገብረ መድኅን የሐዋርያቱ ጌታ ራሱ አናጺ ቤት ማደጉን ጠቅሰው ተቆጡ። ነገሩ ወደ ሃይማኖት ስለሄደ የሻይ ዕረፍት ተሰጠ። ሻዩን ጸሐፊዋ ታፍላ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ጸሐፊዋ ስላልሰማችው አልተመዘገበም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንም እንዳይከፋው፣ የሦስቱ አማካይ ማለትም ባለ 12 ነጥብ 67 ሚሊሜትር እንዲገዛ ተወሰነ። ነጋዴው እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሌለው ሲገለጽ ነጋዴው እንዲለወጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ለቡ ለሚሠራው ትምህርት ቤት አርባ በር በሁለት ሳምንት እናስረክባለን። አንድ መቶ ስድሳ ወንዴዎች፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገቡት ጫፎች፣ ተቆርጠው አልቀዋል። ትርፍ እንጨት የለም።

አንድ ወንዴ መጥቶ ተሞከረ። ባለ 12ቱ በቦረቦረው ቀዳዳ አልገባም አለ። ባለ 16ቱ በቦረቦረው ገብቶ ለእንግዳም ቦታ ተረፈው። አቶ ዲንሳ ባለ 12ቱን ሁለቴ እናውርደው ብለው አወረዱት፤ ፑንታው ወደ ተቦረቦረው ወገን ሸሽቶ ቀዳዳው ተንጋደደ።

ሰብሳቢው ወንዴዎቹ በምን ተለክተው እንደተቆረጡ ጠየቁ። አቶ ዲንሳ እንደ ዱሮው በአቶ ዱጉማ መሮ ስፋት መሆኑን አመኑ። ከማኅበሩ አባላት በሌላ ነገር ለክቶ የሚያውቅ አልተገኘም።

አቶ ዱጉማ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። ቃላቸው እንዳለ ይኸው፦ «አስራ ሦስት ተኩል ናት። አባቴ ነው ያስቀጠቀጣት፣ እሷን የሚያክል መርካቶም የለ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ተጎልቻለሁ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ ፑንታዎቹ ለነጋዴው፣ ነጋዴውም ለደንበኝነቱ እንዲመለሱ፤ አቶ ዱጉማ ወደ ሥራ ቦታቸው እንዲመለሱ፤ ማሽኑ እስከ ሌላ ትእዛዝ የግቢው በር አጠገብ እንዲቆምና አቧራ እንዳይገባበት ካፖርቱን እንዲለብስ ተወሰነ። እጅጌው ለማሽኑ እጀታ ልክ ሆኗል።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሁለት እጇን አውጥታለች። አንዱ ብቻ ተቆጥሮላታል።

ስብሰባው እስከ 11፡30 የታሰበ ቢሆንም 10፡40 ላይ ተበትኗል፤ አቶ ዱጉማ መዶሻቸውን ማሳረፍ ስለጀመሩ ማንም ማንንም ሊሰማ አልቻለም።