ለዘር የተሰጠኝን ቀቅለን በላነው

ይኼን ጉድ ልጆቼም አያውቁም። አንብባችሁ አንፍሬንድ ብታደርጉኝ ቅር አይለኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ደሴ ያለ የሰብል ምርምር ቡድን ውስጥ ጀማሪ ነኝ። አለቃችን «ከቢሮ ራቅ ብለን ሥራችንን እንገምግም» አለና ሰባት ሆነን ኮምቦልቻ ወረድን። ያረፍንበት ድሮ ዘይት መጭመቂያ የነበረ፣ ሲወረስ የባህል ማዕከል የተባለ ግቢ ነው። ማሽኑ ተነቅሎ መድረክ ተሠርቷል። ግድግዳው ግን አሁንም ኑግ ኑግ ይሸታል።

ለማሳያ በጣሳ ሦስት ኪሎ ማሽላ ይዤ ነበር። ዝርያው ወተት በጉንጬ ይባላል። የሰጡኝ የቢስቲማዋ ገበሬ እማማ ዘሐራ ናቸው፤ «ዘርተህ እጥፉን ትመልስልኛለህ» ብለው። ሌላ ቦታ ፈልጌ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። እሳቸውንም ለስብሰባው ጋብዘናቸዋል።

ጣሳውን ከአይጥ ላድን ብዬ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ብልህ ነኝ አይደል?

ጠዋት ንግግሬን ስለማመድ ምግብ የምታዘጋጅልን ሴት ብቅ አለች። «እዚህ ያለውን ማሽላ ልቀቅለው?»

ከወረቀቴ ቀና አላልኩም። «ቀቅይው» አልኩ።

የንግግሬን ርእስ ልንገራችሁ? «የአገር ዘርን ከጥፋት ስለመጠበቅ»።

ተጨበጨበልኝ። ንፍሮ ቀረበ። ሲጣፍጥ! ሁለቴ አስጨመርኩ።

እማማ ዘሐራ አንድ ሁለት ፍሬ አኝከው ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ የኔ ማሽላ አይደል እንዴ?»

ባለሙያው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ጣሳው ታጥቦ ተደፍቷል። «ውስጡ ወረቀት ነበረበት፣ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ አያስቡ» አለችኝ። ወረቀቱ የዘሩን ስም የጻፍኩበት ሌብል ነው።

ተመልሼ እማማ ዘሐራ እግር ላይ ወደቅኩ። አለቃዬ ደንግጦ የዘገነውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰ፤ የተቀቀለ የሚበቅል ይመስል።

እሳቸው ግን አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ይስቃሉ።

«ተነስ በል ልጄ። ዋናው ዘር ቤቴ አለ፣ ደብቄዋለሁ። ወላሂ፣ ለመንግሥት ሰው ያለውን ሁሉ አውጥቶ የሚሰጥ አይተሃል?»

ይኼን ያሉት አለቃዬ ፊት ነው።

እኔ ደግሞ በየሪፖርቴ «ገበሬው ሙሉ እምነት ጥሎብናል» እያልኩ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ዘሩ የተረፈው እኔን ስላላመኑኝ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ትደሰቱ ነበር ወይስ ታፍሩ? እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።