ጁባ ላይ ወንበር የሚያሞቅ መኪና የገዛው ሰው

ወገን! ዛሬ ጉዴሌ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ያየሁትን ብነግራችሁ «ጋሼ በጠዋቱ ምን ቀምሶ ነው?» ትሉኛላችሁ።

ምንም! ክርስትና ላነሳ ስለሆነ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም።

ትናንት ላይቭ ገብቼ የተነተንኩትን ታስታውሳላችሁ አይደል? «ካምፓኒ አንድን የገጠር መኪና ማምረት የሚያቆመው ለምንድነው?» ጭሷ በዛ፣ የግጭት ቴስት አታልፍም፣ ለመሥራት ትወደዳለች፣ ገዢው ስክሪን ይፈልጋል…

መች በዚህ አበቃሁ! «የቆመ ሞዴል የሚነዳ ሰው የሚጓዘው በታሪክ ነው» ብዬ አረፍኩት።

ሁላችሁም ሳቃችሁ። ማላኪያ ገበያ ጅምላ ከሚሸጠው ወዳጄ ከሃጂ ከማል በስተቀር። በሯ ሲዘጋ ሰፈር የምትቀሰቅስ፣ ካምፓኒው ካቆማት ዘመን የሆናት ሳጥን መኪና አለችው። ኮሜንት ላይ አንዲት ቃል ጻፈ፦

«ይዘንባል።»

ዘነበ!

ጠዋት የሆቴሌን ካሸር ሰናይትንና አርባ ቀን የሞላውን ልጇን ጭኜ ወደ ቤተክርስቲያን ወጣሁ። ባሏ ቀድሞናል። የክርስትና አባቱ እኔ፣ መኪናው የኔ፣ ጉራውም የኔ!

አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ጠበቀን። ገባሁበት። መሃል ላይ ቀጥ!

ስክሪኑ «በአቅራቢያዎ ወዳለው ሰርቪስ ይሂዱ» አለኝ። በምን ልሂድ? በዋና?

ይባስ ብሎ የወንበሩ ማሞቂያ በራሱ በራ። ባጠፋው፣ ባጠፋው፣ እምቢ! አዎ፣ ወንበር የሚያሞቅ መኪና ነው ያለኝ። ጁባ ላይ። ሻጩ «ፉል ኦፕሽን» ሲለኝ ልቤ ጠፋ፣ ምን ላድርግ?

ከታች እየተጠበስኩ በመስታወቱ ሰናይትን አየኋት። ሕፃኑን በነጠላዋ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ልጄ ዛሬ ሳይጠመቅ ሊቀር ነው?»

እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። ደወልኩ። ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሳጥኗ መጣች!

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ውሃው መብራቷ ጋ ደርሷል። አትንደረደርም፣ አትጮህም። ሽቅብ በቆመው የአየር ቱቦዋ እየተነፈሰች፣ እንደ ናይል ጉማሬ ውሃውን ለሁለት እየከፈለች፣ ቀስ… ቀስ… ቦዳ ሞተራቸውን የሚገፉት ልጆች ቆመው አዩዋት። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሰው እጅ ነው የሠራት? ደግሞ ሠርቶ ተዋት?

ሃጂ አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ታሪክ መጥታለች፣ ተሳፈሩ!»

ሰናይትና ሕፃኑ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ስኳር ጆንያ ላይ።

«ሃጂ፣ እንዲህ ዓይነቷን እንዴት ያቆሟታል?» አልኩት።

«አንተ ነህ ያስቆምካት!» አለኝ ዞር እንኳ ሳይል። «ያኔ መኪና ስንገዛ ሁለት ሆነው ቀረቡልን። እኔ ይቺን ስወስድ፣ አንተ እህቷን ‹ወንበሯ ይደርቃል› ብለህ ጥለሃት ሄድክ።»

ትናንት የደረደርኳቸው ምክንያቶች ሁሉ ልክ ነበሩ። አንድ ብቻ ረስቻለሁ። እኔን!

ደረስን። ልጁ ውሃው ሲነካው ቤተክርስቲያኑን በጩኸት አናጋው። ታቅፌው እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ሃጂ ውጭ ዛፍ ስር ጠበቀን።

የኔዋ እስካሁን እዚያው ናት። ውሃው ጎድሏል። በተከፈተው መስኮት የሰፈሩ ዶሮ ገብታ ወንበሩ ላይ ተኝታለች አሉኝ። ፉል ኦፕሽኑ በመጨረሻ ባለቤቱን አገኘ!

እና ፍረዱኝ፦ ያቺን የመሰለች መኪና ከምርት ያስወጣት ካምፓኒው ነው ወይስ፣ ከይቅርታ ጋር፣ የኔ ቂጥ?