የጋሽ ጌጡ በርኖስና ስድስቱ ዓሦች

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር የለም። እግዜር ለየሰፈሩ አንዳንድ ሲያድል ግን የእኛ ከተማ መሐል ሜዳ ላይ ሲደርስ እጁ አመለጠውና የሦስት ሰፈር ድርሻ ጋሽ ጌጡ ላይ ደፋው።

ክቡር ጋሽ ጌጡ የልብስ ስፌት ቤቴ ጎረቤት ናቸው። የሞባይል ማማ ሲተከል፣ ከአዲስ አበባ ለመጣው መሐንዲስ ነፋስ ከየት እንደሚነሣ አስተምረውታል። የበግ በሽታ ያውቃሉ፣ የሬዲዮ በሽታ ያውቃሉ፣ ሙሽራ ለምን እንደምታለቅስ ያውቃሉ። "እኔ እያወቅሁ የሞተ ነገር የለም!" ይላሉ። አንዴ የራሳቸው በግ ሞተባቸው። "ሳይነግረኝ ነው" አሉ።

ከአባታቸው የወረሱት ጥቁር በርኖስ አላቸው፤ የመንዝ በግ ጠጕር፣ ዝናብ የማያሳልፍ። ወንድማቸው ለሠርግ ቢለምናቸው "በርኖስ እንደ ሚስት ነው፣ አይዋስም" ብለው መለሱት። ሚስታቸው እትዬ አማከለች ይህን ሲሰሙ "እኔንማ ቢጠይቀው ያውሰኝ ነበር" አሉ።

እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቃል የሚያልቅብኝ ሰው ነኝ። ይቺንም የምጽፋት ፊደሉን እንደ ጥልፍ እየቆጠርሁ ነው። ሊለካ የመጣ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ሜትሩ ከእጄ ይወድቃል። ታዲያ በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ብገባ፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ዓሣ ይዋኛል! የገባው ሁሉ ዓሣውን ያያል፤ ጥግ የተቀመጠውን ባለቤት የሚያየው የለም። ልቤ ዘለለች። ይሄ ነው የእኔ ነገር!

አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ መሸጫ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች፣ ትሕትና። ደወልሁላት።

"ዲስከስ የሚባል አለ" አለችኝ። "እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ ነው፤ ከቀለሙ ዓይን አይነቀልም። ግን ተጌ፣ ለጀማሪ ከባድ ነው። ሙቅ ውኃ ይፈልጋል፤ የእናንተ አገር ደግሞ..." ሳቀች።

"ላኪልኝ" አልሁ። እንዴት እንደደፈርሁ እንጃ። መስታወቱ፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው በአውቶቡስ መጡ። ውኃ ሞላሁ።

ጋሽ ጌጡ ሳይጠሩ ገቡ።

"ተገኘ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"የዓሣ ቤት ነው ጋሼ።"

"ዓሣው መቼ ይገባል?"

"በሳምንቱ።"

"አብደሃል! የጋራው ሜዳችን ጓሳ፣ ሳሩ ሳይደርስ ማጭድ ይገባበታል?"

"አይገባም።"

"ስንት ዓመት ተዘግቶ፣ አባቶች ሲፈቅዱ አይደል የሚታጨደው? ውኃስ ከመሬት ያንሳል? ይዘጋ!"

በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ደጄ ላይ ቆሙና ለአላፊ አግዳሚው አወጁ፦ "ይህ ውኃ እስከ አርባ ቀን ክልክል ነው!"

እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እያፈርሁ ለትሕትና ደውዬ የአርባ ቀኑን ነገር ነገርኋት።

"ውይ ተጌ! ልነግርህ ረስቼው!" ብላ ጮኸች። "አዲስ ውኃ ዓሣ ይገድላል እኮ። ማጣሪያው እየሠራ፣ ውኃውን የሚያጸዳው ባክቴሪያ እንዲያድግ ምግብ ቆንጠር እያደረግህበት ከወር በላይ ይቆይ። ማን ነገረህ?"

ጋሽ ጌጡ ይህን ስነግራቸው እንኳ አልገረማቸውም።

በአርባ አንደኛው ቀን ስድስቱን ዓሦች ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ተቀበልኋቸው። ውኃ በሞላው ላስቲክ ውስጥ ናቸው። እንዳይበርዳቸው ጃኬቴ ሥር አድርጌ ተሳፈርሁ፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ሆዴ ላይ ይርገበገባሉ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ "ምንድን ነው የያዝኸው?" አለኝ። "ዓሣ!" አልሁ፣ አውቶቡሱ በሙሉ እስኪሰማ። እኔ!

አንዱ ብርቱካንማ ነው፤ ሌሎቹ ሰማያዊ ጥልፍ የተጠለፈባቸው። እንዲያ ያለ ክር በሱቄ የለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ዓሣ ሲያይ ቆይቶ ሱሪውን ረስቶ ይሄዳል። እኔን የሚያየኝ የለም፤ እንዴት ደስ ይላል!

ጋሽ ጌጡ "ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይብሉ" ብለው ደነገጉ። ትሕትና ስትሰማ "ደግ ነው፣ ውኃው አይቆሽሽም" አለች። እኚህ ሰውዬ!

ከዚያ ሐምሌ መጣ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ ወርዶ ምድሩ ነጣ። መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያው ቆመ። አሥር ሰዓት ላይ ዓሦቹ ጠቆሩ። ብርቱካንማው በጎኑ ጋደለ። ሮጬ ጋሽ ጌጡን ጠራሁ፤ እትዬ አማከለችም ተከትለው መጡ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይሄማ..." ብለው ጀመሩ። ቀና አሉ። "ተገኘ፣ አላውቅም።"

መሐል ሜዳ ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ከበረዶው ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ። ድንገት አፌ ተከፈተ።

"እትዬ፣ ቶሎ ውኃ ያሙቁ! ጋሼ፣ በርኖሱን ያውልቁ!"

"በርኖሴን?"

"አሁን!"

አወለቁ። መስታወቱን ዙሪያውን ጠቀለልነው። እትዬ አማከለች ሙቅ ውኃ በዘይት ጠርሙስ እየሞሉ አቀበሉኝ፤ ከድኜ ውኃው ላይ አንሳፈፍሁ፤ ሲቀዘቅዝ ለወጥሁ። ጋሽ ጌጡ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጡ በርኖሱን ከነመስታወቱ አቅፈውታል። "አይዟችሁ፣ አይዟችሁ" ይላሉ ዝግ ብለው።

መብራቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። በርኖሱን ገለጥ አደረግን። ብርቱካንማው ቀና ብሎ ይዋኛል! ስድስቱም! እትዬ አማከለች እልልታቸውን አቀለጡት።

በገበያው ቀን ጋሽ ጌጡ ሱቄ በር ላይ ቆመው ያስተምራሉ፦ "ዓሣ ሲበርደው መድኃኒቱ በርኖስ ነው። እኔ እያወቅሁ የሞተ ነገር የለም!" ያቺን "አላውቅም" አላነሧትም። እኔም አላነሣሁባቸው። ዛሬ የጻፍኋት፣ ቢያነቧት "እሷንም ዐውቄ ነው ያልኋት" እንደሚሉ ስለማውቅ ነው።

አንድ ደንበኛ ወደ እኔ ዞረ። "ተገኘ፣ እውነት ማን ነው ያዳናቸው?"

ሰው ሁሉ ዓሦቹን ትቶ አየኝ። ጋሽ ጌጡም አዩኝ፣ የዚያን ቀን የውኃ ምልክት ያለበትን በርኖሳቸውን ጠበቅ አድርገው። ሜትሩ ከእጄ አልወደቀም።

"ጋሽ ጌጡ ናቸዋ" አልሁ። "እሳቸው የማያውቁት ምን አለ?"