ማሰር ያቃተው ንጉሥ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኜ ነበር። ብዙም አልቆየሁ፤ አገሩን አበላሽቼ ወረድኩ።

አትሳቁ። ይኼን ፖስት ፊደል እየለቀምኩ የምጽፈው ምክር ፈልጌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የሶልያና ትምህርት ቤት ዛሬ የመጽሐፍ ቀን አክብሯል። ልጆቹ እኩሌታው የድሮ የእንግሊዝ ነገሥታት፣ እኩሌታው የተረት መጽሐፍ ጀግኖች ሆነው ቲያትር ይሠራሉ። መምህርቷ ባለፈው ሳምንት ለንጉሡ ነጭ ጢም ፈልጋ በጥጥ ብትሞክር፣ ንጉሥ የሚሆነውን ልጅ አስነጠሰው። ከዚያ እኔን ከነጢሜ በር ላይ አየችኝ።

"አባባ፣ የሚናገሩት አንድ መስመር ብቻ ነው" አለችኝ።

ማንበቡ ቀስ ስለሚልብኝ ሶልያና በቃሌ አስጠናችኝ። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣም ስንወርድም "ውሰዷት፣ ግንብ ውስጥ ቆልፉባት!" ማለት ነው። በቃ።

ንጉሡ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ጠየቅኩ። የገዛ ወንድሙን ልጆች ግንብ ውስጥ አስቆልፎ በዚያው አስቀርቷል ይባላል፣ አለችኝ መምህርቷ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

ሶልያና ከወፍ ጋር የምታወራው የተረት ልጅ ናት። የንጉሡን ወፎች ከወጥመድ ፈትታ ትያዛለች። እኔ አሳስራታለሁ። ከግንቡ መስኮት ሆና ረጅም ንግግር ታደርጋለች፤ ከዚያ ወፎቹ፣ ማለትም የኬጂ ሕፃናት፣ የወረቀት ክንፍ አድርገው መጥተው ያስፈቷታል። ያን ንግግር ተኝታ ሁሉ ትለዋለች።

ሰዓቱ ደረሰ። ዘውዴ ካርቶን፣ ካባዬ የጠረጴዛ ልብስ። ሶልያና እግሬ ሥር ወድቃ አለቀሰች።

እውነተኛ እንባ!

"ውሰ..." ከማለቴ ከፊት ወንበር ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ "ንጉሥ ሆይ፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው ይማሯት" አሉ።

ቲያትር መሆኑን ረስተውታል። ከኋላቸው ያለው ወላጅ ሁሉ ተነሣ። "ይማሯት፣ ይማሯት።"

እስቲ ፍረዱ። ዕድሜዬን ሙሉ በደብሯ ሥር የኖርኩ ሰው ነኝ። በስሟ ተለምኜ እምቢ ብዬ አላውቅም። ክፉ ንጉሥ ብሆንስ፣ የሠፈር ሰው አይደለሁም እንዴ?

ከዙፋኑ ወርጄ ልጅቷን አነሣኋት። "ምሬሻለሁ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ።"

እልልታው ቀለጠ። ሰዉ አለቀ ብሎ ወደ ለስላሳው ሄደ።

ሶልያና ብቻ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። "አባባ፣ ግንቡስ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ከመጋረጃው ጀርባ ወፎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አንዷ ትንሽዬ "አሁን እንብረር?" ትላለች።

ዘውዴን አውልቄ ወደ መምህርቷ ሄድኩ።

መምህርቷ ደግ ናት፤ አርብ እንደገና ይሠራል አለች። ሶልያና ግን መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ቤት ስንደርስ ዞር ብላ፣ "አባባ፣ አርብ ካላሳሰሩኝ ሁለተኛ አላናግርዎትም" አለችኝ።

ከቀትር ጀምሮ ጓሮ ወጥቼ ባሕር ዛፍ ፊት እለማመዳለሁ። "ውሰዷት፣ ግንብ ውስጥ ቆልፉባት" እስከሚለው ይወጣልኛል። ከዚያ አፌ ሳላዘው "ብርድ ልብስ ግን ስጧት" ይላል።

ወገኖቼ፣ ትንሽ ክፋት የምታውቁ እስከ አርብ ብታስተምሩኝስ? እትዬ አስካለ እንደሆኑ አርብም ከፊት ወንበር ነኝ ብለውኛል።