የቀመሰ አይፈርድም

ስሜነህ ትናንት ሌሊት ያየውን ሕልም ለማንም አልተናገረም። እንዴት ሰማኸው አትበሉኝ። ሕልም የሚነገረው ለሚፈታው ሰው ነው ይባላል፤ የዚህን ሕልም ፍቺ ግን ባለቤቱ ገና ትራሱ ላይ ጋደም ሳይል ያውቀው ስለነበር እኔ ሕልሙን ብቻ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ስሜነህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ እየቀረበ የአዲስ አበባን ምግብ ቤቶች የሚመዝን ሰው ነው። የየትኛው ቤት ጥብስ እንደማይታኘክ፣ የየትኛው ቤት አስተናጋጅ ፊቱን እንደሚያጨማድድ እሱ ከተናገረ ከተማው ያምነዋል። ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘውና ሲለቀው ማሽተቱንና መቅመሱን ይዞበት ሄደ። ይኸው ስምንት ወር፣ በርበሬውም ቅቤውም ለእሱ ያው ነው። ትኩሱን ከቀዝቃዛው፣ ጠንካራውን ከለስላሳው ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። ለሚስቱ ለፈለቀች እንኳ አልነገራትም። እንጀራው ነዋ። ምግብ ቤት ሲገባ አጠገቡ ያለውን ተመጋቢ ፊት ያያል፤ ከፈካ «ይጣፍጣል» ይላል፣ ከጠቆረ «አይጣፍጥም» ይላል። የቀረውን ስለ ወንበሩ፣ ስለ መብራቱና ስለ ሙዚቃው እያወራ ይሞላዋል።

እንዲህ እያለ ደህና ሲኖር ከርሞ ቀበና ከወይዘሮ አስካለ ሽሮ ቤት ደረሰ። አምስት ጠረጴዛ ያላት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሮ ብቻ ስትሠራ የኖረች ቤት ናት። የሄደበት ቀን ዝናብ ስለነበር ከእሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል፤ ያም ሰው በጎረሰ ቁጥር ፊቱን ያኮማትራል። ስሜነህ አየና ቅዳሜ «ይህ ሽሮ ጣዕም የሚባል የለውም» ብሎ ተናገረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሦስት ደንበኛ በቀር ሰው ጠፋ።

ከትናንት በስቲያ ወይዘሮ አስካለ ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ መጡ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ያን ዕለት ቤቴ የነበራችሁት እርስዎና ያ ጥርሱን የሚያመው ደንበኛዬ ብቻ ናችሁ» አሉት። «የጎደለውን ብቻ ይንገሩኝና ላስተካክል።» ስሜነህ የጥርሱን ነገር ሲሰማ ዓይናቸውን ማየት አቃተውና «ጨው» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከጨው የቀለለ መልስ አልመጣለትም። ትናንት ማታ «ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» እያለ ሲገላበጥ እንቅልፍ ወሰደው።

በሕልሙ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሟል። ጠራራ ፀሐይ ነው። ጥበቃው ኪሱን፣ ብብቱንና ቀበቶውን ፈተሸው።

«ርሃብ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«እንዲያ ነው። ትናንት አንዱን ሆዱ ውስጥ ደብቆ ሊገባ ሲል ያዝነው።»

ውስጥ አስተናጋጆቹ እግራቸውን አነባብረው ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ተመጋቢዎቹ ነጭ ኮት ለብሰው ይሯሯጣሉ። አንድ አስተናጋጅ ሲያጨበጭብ ቦርጫም ሰውዬ «አቤት ጌታዬ» እያለ በሩጫ መጣ። ወንበሮቹ ቆመው ስለደከማቸው ሰው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ባለመደገፊያ ወንበር ስሜነህ ጭን ላይ ወጣና ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ትንሽ ይቆረቁራል፤ ድባቡ ግን አይከፋም» አለ ወንበሩ። ስሜነህ የገዛ አነጋገሩን አወቀው።

አንዲት ሴትዮ ጆግና ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። እጁን ዘረጋላት።

«እጅህን ማን ጠየቀህ? ምላስህን።»

ምላሱን አወጣ። ሴትዮዋ ውሃ አፈሰሰችበት፣ በሳሙና አሸት አሸት አደረገችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አየችውና ጆጉን አስቀመጠች። «የዚህ ሰው ምላስ ምኑ ይታጠባል?» አለች ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «ንጹሕ ነው። ምንም ነክቶት አያውቅም።» አስተናጋጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት። ስሜነህ ምላሱን እንኳ መመለስ አልቻለም፤ እያንጠባጠበ በጓዳ በር ሮጦ ወጣ።

የወጣበት በር ሌላ ምግብ ቤት አስገባው። እዚህ ቤት የሚበላው ድባብ ነው። ሰዎቹ መብራቱን በጭልፋ ይቀዳሉ፣ ሙዚቃውን በሹካ ይጠቀልላሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሳለውን አበባ እየቆረሱ ያላምጣሉ። ምግብ ሲመጣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል፤ ከዚያ ሳይነካ ይመለሳል። ስልኮቹ ጠግበው ያገሳሉ። ሰዎቹ ግን አጥንታቸው ይቆጠራል። አንዲት እናት የከሳ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መጋረጃ ታጎርሰዋለች።

«ለምን እዚህ ትበያለሽ?» አላት።

«አምስት ኮከብ ያለው ቤት እኮ ነው።»

«ማን ሰጠው?»

በጣቷ ወደ ጣራው አሳየችው። አምስቱ ኮከቦች በሚስማር ተመትተው ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የስሜነህ ስም በገዛ እጅ ጽሑፉ ተጽፏል። ልጁ መጋረጃውን ውጦ እንደገና አፉን ከፈተ። ስሜነህ ያንን አፍ ማየት አልቻለም። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እጁን ሲያነሳ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ግምገማ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ በየፊቱ አንዳንድ የላስቲክ ውሃ። የከተማው ወጥና ጥብስ በየሰሃኑ ሆኖ አዳራሹን ሞልቶታል። በሊቀመንበርነት ክትፎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ምስር ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። መጨረሻ ወንበር ላይ፣ በትንሽ የሸክላ ድስት፣ አንዲት ሽሮ ብቻዋን ትንተከተካለች። ስሜነህ አወቃት።

«ገምጋሚው ይገመገማል» አለ ክትፎ። «ግለ ሂስህን አቅርብ።»

ስሜነህ ሬዲዮ ሳይገባ በፊት ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የግለ ሂስን ብልሃት ያውቃል። ትልቁን ጥፋት ለመደበቅ ትንንሾቹን ፊት ለፊት ማሰለፍ ነው።

«አንዳንድ ጊዜ አረፍዳለሁ» አለ።

ምስር ጻፈች።

«አቅሜን አሟጥጬ አልሠራሁም። ለባልደረቦቼም በቂ ጊዜ አልሰጥም።»

«ይህን ሁሉም ይለዋል» አለ ክትፎ። «ዋናውን።»

«ቁጡ ነኝ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ቅቅል ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ ቅቅል ነው። «ልጄ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት አራት ሰዓት እሳት ላይ ቆይቼ ነው፤ ጊዜዬን አታባክን» አለው። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል ሲባል አልሰማህም?»

ስሜነህን ስምንት ወር የተሸከመው ነገር ከበደው። «አልቀምስም» አለ። «ስምንት ወር ሆነኝ። የማንንም ምግብ አልቀመስኩም። የምናገረው የሰው ፊት አይቼ ነው።»

ሊወገር መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። አዳራሹ ግን በጭብጨባ ተናወጠ። ጥብሱ ከምጣዱ ብድግ አለ፣ እንጀራዎቹ ጫፋቸውን እያነሱ አውለበለቡ። «እንዲህ ያለ ሰው ስንፈልግ ኖረን!» አለ ክትፎ። «ያልቀመሰ አያዳላም። በሙሉ ድምፅ የከተማው ዋና ፈራጅ ሆነሃል።» ምስር ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ከሽሮዋ በቀር ያላጨበጨበ የለም።

በዚህ መሐል ወይዘሮ አስካለ በበሩ ገቡ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ሽሮዋ ሄዱ፤ እንጀራ ቆርሰው አጠቀሱና ጉርሻውን ጠቅልለው ወደ እሱ መጡ።

«እንካ ልጄ» አሉት። «ሆድህ ባዶ ነው።»

አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የመጣው የለመደው ሙቀት ነው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ መጣ። ከዚያ ኮረሪማው፣ ከሥር የሽምብራው ጣፋጭነት፣ መጨረሻ ላይ በሶብላው አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ወጣ። ጨዉ ልክ ነበር። ምንም፣ ምንም አልጎደለውም። ስሜነህ ሰው ፊት አለቀሰ።

«ይጣፍጣል» አለ አፉ ሞልቶ እንዳለ። «እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም። ጻፉልኝ።»

ምስር ብዕሯን አስቀመጠች።

«ቀመስክ?» አለው ክትፎ።

«ቀመስኩ።»

«እንግዲያው ቃልህ አይያዝም። የቀመሰ አይፈርድም፤ ያዳላል።»

ጥበቃው ከኋላ መጥቶ ክንዱን ያዘው። «አታሎኝ ነው» አለ ለስብሰባው። «ርሃብ ይዞ ነው የገባው።» ስሜነህ «ሳልቀምስ የተናገርኩትን ሰምታችሁ የቀመስኩትን አትሰሙም?» ብሎ ሊጮህ ፈለገ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። እየተጎተተ ወይዘሮ አስካለን ዞሮ አያቸው። ሌላ ጉርሻ እየጠቀለሉ ይከተሉታል። «ቆዩ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላሉ፤ «ሁለተኛውን ላጉርሰው።» እጃቸው ተዘረጋ። እሱም አንገቱን አሰገገ። የቀረው አንድ ስንዝር ነው፤ ግማሽ ስንዝር ነው።

ትከሻውን የነቀነቀችው ፈለቀች ናት።

«ስሜነህ፣ ተነሣ እንጂ። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ሰፈሩን ጠይቀው ጠያይቀው መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል።»

ጠዋት ነው። ምላሱን ላንቃው ላይ አሻሸ፤ በሶብላው የለም። ቢሆንም ደስ አለው፣ በእግራቸው መጥተውለታልና። ሸሚዙን እየቆለፈ የሚነግራቸውን ቃል በሆዱ ደጋገማት። አልቀምስም። አንዲት ቃል ናት።

ወይዘሮ አስካለ ሲያዩት ከሶፋው ተነሡ። በእናቱ ዕድሜ ያሉ ሴት እንዲያ ሲነሡለት አንገቱን ደፋ። ጭናቸው ላይ የነበረችውን ምሳ ዕቃ ከፈቱ።

«በማለዳ መጥቼ አስቸገርኩዎት። እንዳሉኝ ጨው ጨመርኩበት። የቀሩኝ ሦስት ደንበኞች ትናንት አንገሸገሻቸውና ትተውት ሄዱ። ጨዉ ገና ልኩ ላይ አልደረሰ ይሆናል ብዬ ዛሬ ደግሞ ጨመርኩ። በእኔ አፍ በዝቷል። ግን ሰው በገዛ ወጡ ያዳላል አይደል? ፍርዱን የእርስዎ አፍ ይስጥ።»

ስሜነህ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ አስካለ ለጉርሻው የከፈተ መስሏቸው አጎረሱት።

ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ሙቀቱ መጣ። ነጭ ሽንኩርቱን ጠበቀ፣ ኮረሪማውን ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ዓይኑን ሲገልጥ ሴትዮዋ ፊቱን እያዩ ነው፤ እሱ የሰው ፊት እንደሚያየው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። ፈለቀችም በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ያቺ አንዲት ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣችና ከሽሮው ጋር ተዋጠች።

«አሁን ልክ መጥቷል» አለ።

«ተመስገን።» ወይዘሮ አስካለ ፊታቸው በራ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛውን እምቢ እንዳይሉኝ።» ሁለተኛውንም አጎረሱት፤ ጎረሰ። «ዛሬ ትልቁን ድስት በዚሁ ልክ እሠራዋለሁ። ቅዳሜ አንድ ቃል ይበሉልኝ።» መርቀውት፣ ምሳ ዕቃዋን ለቤቱ ትተው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በፍጥነት ወጡ።

ፈለቀች ወደ ምሳ ዕቃዋ መጣች። ከእንጀራው ቆርሳ አጠቀሰችና ጎረሰች። ወዲያው አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምሳ ዕቃዋን አየች፤ እሱን አየችው።

ስሜነህ በመስኮት ወደ መንገዱ ያይ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ቁልቁለቱን ሊጨርሱ ነው።

«በጣም በዝቷል?» አላት።