ከገንዳ የወጣ ወረቀት

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ካመናችሁኝ ይቺ ምላሴ እንደ ቋንጣ ትንጠልጠል! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወረቀት ከውኃ ውስጥ አጥምጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚስት ሳትይዘኝ አምልጬ፣ ገርጂ እህቴን ልጠይቅ መጥቼ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ ብርቄ ጋር ተፈቃቀድን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔን የቸገረኝ ግን ማግባቱ ራሱ ነው። ወረዳ ስንሄድ ጸሐፊው ያላገቡ ለመሆንዎ ወረቀት ያምጡ አለኝ። ላጤነቴን ወረቀት ይመስክር? ይሄ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዜ አይመሰክርም? ብርቄ ደግሞ ስንወጣ ቆጣ ብላ፣ እስከ ዓርብ ካላመጣህ አገር ቤት የደበቅካት ሚስት አለች ማለት ነው፣ በቃኝ አለች። ጉድ እኮ ነው! የሌለችን ሚስት ሰው እንዴት አድርጎ ይፈታታል?

ግራ ገብቶኝ ባለሱቁን ሸምሱን፣ ወረቀት የሚወጣው የት ነው አልኩት። ስኳር እየመዘነ፣ ወረቀትማ ከአስፋልቱ ማዶ ሙዚየሙ አለልዎት፣ በእጅ ነው የሚሠሩት አለኝ። በእጅ ሲል ደስ አለኝ። ኮምፒዩተር ካልነካው "ሲስተም የለም" አይባል! ሙዚየም ያለውን ግን የኃላፊው ስም መሰለኝ።

ገባሁ። ግድግዳው ላይ የፍየል ቆዳ በገመድ ተወጥሯል። ብራና ነው፣ የድሮ ሰው የሚጽፍበት አለችኝ ሽርጥ የለበሰች ልጅ። ፍየሏ ወረቀት አጥታ ይሆን እንዲህ የተደረገችው?

"ልጄ፣ አቶ ሙዚየም አሉ? ወረቀት ላወጣ ነው።"

ሳቀች። "እራስዎ ያወጡታላ አባባ!" ብላ እጅጌዬን ጠቀለለችው።

ገንዳ ሙሉ አጥሚት የመሰለ ነገር። ተቀቅሎ የተወቀጠ የእንሰት ቃጫ ነው አለች። ወንፊት ነገር አስያዘችኝ። ያጥልቁ! ያንሡ! ኧረ አያጋድሉት! ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ሰው ልብስ እጠብ ይባላል? ውኃው ሲንጠፈጠፍ ስስ ቂጣ የሚያህል ነገር ወንፊቱ ላይ ቀረ። ጨርቅ ላይ ገለበጠችው፣ ተጫነችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሌላው ቢሮ ነገ ይመለሱ ይላል፤ እዚህ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ወደ ማታ ደረቀ። ማህተሙስ አልኳት። እየሳቀች የቤቱን ማህተም ዱብ አደረገችበት። ፊደል ላይ ዓይኔ ሰነፍ ነው፤ ለእኔ ማህተም ካለው አበቃ።

ዓርብ ጠዋት ብርቄን አስከትዬ ወረዳ ከተፍ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው፣ ደግሞ አሸተተው።

"አባት፣ ከማህተሙ በቀር እዚህ ላይ እኮ ምንም አልተጻፈም።"

ብርቄን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ከእጁ መንጭቃ ፊትና ጀርባውን አየችና፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸች፦

"ምንም ካልተጻፈማ ሚስት የለውም ማለት ነዋ!"