እምቢ የማያውቅ ኮምፒውተር

እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? መካነ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ስጠግን የማገኛቸው ደንበኞቼ ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያልታወቀ መስኮት ብቅ ብሎ «ልግባ?» ሲል፣ የወሎ ሰው እንግዳን በር ላይ አቁሞ «ማን ነህ?» ይላል እንዴ? እሺን ይጫናል። የገባው ደግሞ ወይ የጻፍነውን ሁሉ የሚለቅም ሰላይ ነው፣ ወይ ማስታወቂያ ለፋፊ፤ እሱም ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው የሚገባው።

የእትዬ ዘይነባ ግን ከሁሉም ባሰ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው መዲና የላከችላቸውን ላፕቶፕ ስከፍተው፣ የወረኢሉ ገበያ እዚያ ውስጥ የዋለ መሰለኝ። አንዱ ጫማ ይሸጣል፣ አንዱ ቦርጭ አጠፋለሁ ይላል፣ አንዱ «መኪና ደርሶዎታል!» ብሎ ይጨፍራል። ሁሉንም ጠራርጌ አስወጣሁና የቫይረስ መከላከያ ጭኜ፣ ፊቴን ቋጠር አድርጌ ምክሬን ጀመርኩ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ከእንግዲህ የማያውቁት መስኮት ሲመጣ እምቢ ይበሉ።»

«ወላሂ አይሆንልኝም፣ ልጄ» አሉ። «መዲና ስትደውል በመስኮት ነው የምትመጣው። ‹እማ፣ መስኮት ብቅ ሲል እሺ በይ፣ እኔ ነኝ› ብላኛለች። እኔ እንደሁ ፊደል አልቆጠርኩ። እምቢ ያልኩት እሷን ቢሆንስ?»

ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ አንድ መስኮት ብቅ አለ። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው እሺን ተጫኑ። እኔም፣ ያ ሁሉ ምክር ያለኝ ሰውዬ፣ እሷ ትሆን ብዬ አንገቴን አሰገግኩ።